ማቆያ ቤቱ ባዶ ነው፤ እናቶቹ የት ገቡ?

ባና ለባሿ (ጠያቂ)፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። አዋላጅ ነርስ ነኝ። መንዝ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ ስሠራ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የጤና ጣቢያውን ስም አልጠራም፤ እንጀራዬ ነው።

ጥያቄዬ አጭር ነው፤ ታሪኩ ነው የሚረዝመው። ግቢያችን ውስጥ የእናቶች ማቆያ ቤት አለ። ሁለት ክፍል፣ ስድስት አልጋ፣ ስድስት ስፖንጅ ፍራሽ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ። ግድግዳው ላይ ጡት የምታጠባ እናት ተስላለች። ቤቷ ሩቅ የሆነ ነፍሰ ጡር ወሯ ሲገባ መጥታ እዚያ እንድትቆይ ነው የተሠራው። ሌሊት ምጥ ቢይዛት ማዋለጃ ክፍሉ አሥር እርምጃ ነው። ማን ይጠላዋል? ነገር ግን ባለፈው ክረምት ሐምሌና ነሐሴን ሙሉ ያደሩበት አራት ሴቶች ብቻ ናቸው። አሁን አንደኛው ክፍል የክትባት ካርቶን ተቆልሎበታል።

አንዷን ልንገራችሁ። ለእርግዝና ክትትል አራት ጊዜ መጥታለች። የመጨረሻ የወር አበባዋን ስጠይቃት «የጥቅምት ጊዮርጊስ ዕለት» አለችኝ። እኛ አገር ቀን የሚያዘው እንዲህ ነው፤ ካርዱ ላይ ያለው ሁሉ ሚካኤል፣ ገብርኤል፣ ማርያም ነው። ዘጠኝ ወር ከአሥር ቀን ስቆጥርላት ነሐሴ 3 ላይ ወደቀ። (ጳጉሜን የምታልፍ ቢሆን በአሥሩ ቀን ፈንታ አምስት ቀን ብቻ ነበር የምደምረው። ለጀማሪ አዋላጆች ነው የጻፍኩት፤ እኔ መጀመሪያ ሰሞን ስንቱን ተሳስቻለሁ።) ነሐሴ ማለት ወንዙ ሞልቶ፣ ፍልሰታ ገብቶ፣ ጭቃው ጉልበት ሲደርስ ነው። «ሐምሌ ማብቂያ ላይ ጓዝሽን ይዘሽ ነይ» አልኳት። «እሺ እህቴ» አለች። አልመጣችም።

ነሐሴ 5 ወደ ማታ ስምንት ወንዶች እየተቀባበሉ በቃሬዛ አመጧት። ልጁ ንጋት ላይ ተወልዷል። እንግዴ ልጁ ግን አልወርድ ብሏል። ነጠላው፣ ጋቢው፣ የቃሬዛው ጠፍር ሁሉ ደም ነበር። ግሉኮስ ሰቀልን፣ ማህፀን የሚያኮማትረውን ኦክሲቶሲን ሰጠን፣ በእጅ አወጣነው፤ ሌሊቱን ሆስፒታል ደርሳ ደም ተሰጣት። ተረፈች። እኔ ግን ሁለት ቀን እህል አልበላም አለኝ።

ሪፖርቱ ላይ «በጤና ተቋም ያልወለደችበት ምክንያት» የሚል ቦታ አለ። በራሴ እጅ «የግንዛቤ እጥረት» ብዬ ሞላሁት። ሁሌም የምንሞላው ይህንኑ ነው። አራት ጊዜ ሁለት ሰዓት በእግሯ ተጉዛ ክትትል የመጣች ሴት ምን ግንዛቤ ነው የሚጎድላት? ቆይታ ለክትባት ስትመጣ ጠየቅኋት። ሳቅ አለችና «ቤታችሁ ይበርዳል» አለች።

በ2011 ዓ.ም. በአገር ደረጃ የተደረገውን ጥናት አየሁት። ከ100 ነፍሰ ጡሮች 74ቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ባለሙያ ዘንድ ቀርበው ክትትል አድርገዋል። በጤና ተቋም የወለዱት ግን 48 ናቸው። እኔን የሚበላኝ ይህ መሐል ላይ የሚጠፋው ሰው ነው። እኛን ያውቁናል፣ ደጃችንን ያውቁታል፤ ለወሊዱ ግን አይመጡም።

እናንተ ጋ ማቆያ ቤቱ የሚሞላ ካለ ምን ብታደርጉ ነው? «ግንዛቤ ማስጨበጥ» የምትሉኝ ከሆነ ይቅርብኝ። አንዲት ባልቴት «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» ብላ አንድ ቀን አስተምራኛለች። አልወለድኩማ!

—

የኬላዋ፦

እህት ዓለም፣ «ቤታችሁ ይበርዳል» ያለችሽ ሴት ሁሉን ነገር ነግራሻለች። የመንዝ የድንጋይ ቤት ግድግዳው ውፍረቱ ክንድ ነው። እሳቱ አይጠፋም፣ በጎቹም እዚያው ናቸው፣ ሙቀት ነው። ከዚያ አውጥተሽ ቆርቆሮ ሥር በስፖንጅ ልታስተኛት ነው። እኔም ብሆን አልመጣም።

እኔ የጤና ኤክስቴንሽን ነበርኩ፣ ወሎ ውስጥ። በ1998 ዓ.ም. ነው የገባሁት። አሥረኛ ክፍል ጨርሰን፣ አንድ ዓመት ሠልጥነን፣ ለአንድ ቀበሌ ሁለት ሁለት ሆነን ነው የተላክነው። አሁን ወጥቼ ሱቅ ከፍቻለሁ፤ ጉልበቴ አልቻለም። ሱቄ ውስጥም ግን ነፍሰ ጡር ካየሁ ወሯን ሳልጠይቅ ስኳር አልመዝንም።

ያየሁትን ልንገርሽ። የነፍሰ ጡር እናቶች ኮንፈረንስ እያልን በወር አንዴ ቡና አፍልተን እንሰበስብ ነበር። ነፍሰ ጡሮቹ ይመጣሉ፣ ቡና ይጠጣሉ፣ እሺ ይላሉ፣ ቤታቸው ይወልዳሉ። ዓመት ሙሉ እንዲህ ስንለፋ ቆየን። በኋላ ነው የገባኝ፤ «እሺ» የምትለው እሷ ናት፣ የምትወስነው አማቷ ናት። ከዚያ በኋላ አማቶቹን ጠራኋቸው። የጠራኋቸው ላስተምራቸው አልነበረም። «እናንተ ስንቱን አዋልዳችኋል፤ እኔ አላየሁም፤ ንገሩኝ» ብዬ ጀመርኩ። አንዷ ሦስት ሰዓት አወራች። ስትጨርስ ሁለት ምራቶቿን ራሷ ይዛ መጣች።

ሁለተኛው ነገር ቤቱ ነው። ላሟን ማን ያልባል? ልጆቹን ማን ያበላል? ሁለት ሳምንት ከቤት ጥፊ ስትያት ቤቱ እንዲፈርስ እየጠየቅሻት ነው። እኛ ጋ የተሳካልን እዚያው ጎረቤቷን ይዘን ነው። ቀኗ ሲቃረብ «ላሟ የማን ናት?» እያልን ነበር የምንመዘግበው። ይህ በየትኛውም ፎርም ላይ የለም።

ሦስተኛውን ማንም አያወራውም፤ የእኔም ጥፋት አለበት። በ2001 ዓ.ም. አካባቢ ክንድ ውስጥ የሚቀበረውን የእርግዝና መከላከያ እኛው እንድናስገባ ሠለጠንን። ደስ አለን፤ ሴቶቹም ወደዱት። ማስገባቱን ተማርን፣ ማውጣቱን ግን አልተማርንም። መውለድ ስትፈልግ፣ ወይም ደም ሲያስቸግራት «ጤና ጣቢያ ሂጂ» ነው የምንላት። ጤና ጣቢያ ስትደርስ «የሚያወጣው ሰው ስልጠና ላይ ነው»። ሦስት ጊዜ ተመላልሳ የተመለሰች ሴት አውቃለሁ። በኋላ ነፍሰ ጡር ስትሆን «እዚያ ሂጂና ውለጂ» ብላት ምን የምትለኝ ይመስልሻል? እናቱ ጤና ጣቢያውን የምታውቀው በወሊድ ብቻ አይደለም። ክንዷም ያውቀዋል።

—

እማማ ሦስት፦

እኔ ባለሙያ አይደለሁም። ሦስት ወልጃለሁ። ልናገር?

የመጀመሪያዬን ጤና ተቋም ነው የወለድኩት። ስሙን አልጠራም። እናቴን በር ላይ አስቀሯት። ለብቻዬ ገባሁ። በጀርባሽ ተኚ አሉኝ፣ እግሬን ሰቀሉት፣ በሩ ክፍት ነው፣ ሰው ያልፋል። ስጮህ አንዷ «ስትሠሪው አልጮህሽም» አለችኝ። ይኸው ልጄ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ድምጿ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ሁለተኛዋን ቤቴ ወለድኩ። ተንበርክኬ፣ የአክስቴን ትከሻ ይዤ። ሴቶቹ ዙሪያዬን «ማርያም ማርያም» ይላሉ። ገንፎው እሳት ላይ ነው። አደጋ እንዳለው አላወቅሁም መሰላችሁ? አውቃለሁ። እያወቅሁ ነው ቤቴ የቀረሁት።

ሦስተኛዬን እንደገና ጤና ጣቢያ። ምክንያቱ አንዲት ልጅ እግር አዋላጅ ናት። ክትትል ላይ «ማን እንዲገባልሽ ትፈልጊያለሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። እህቴን አልኳት። አስገባችልኝ። እህቴ «ማርያም ማርያም» ስትል አዋላጇም አብራ አለች። እስላም ናት ያቺ ልጅ፤ በኋላ ነው ያወቅሁት።

አንቺም እንደሷ ከሆንሽ ይመጣሉ። ብርድ ልብስም ግን ይኑርሽ።

—

አምቡላንስ 24፦

እኔ ሾፌር ነኝ። አጭር ነው የምጽፈው፣ ወረፋ ላይ ነኝ።

ስናመጣቸው ነፃ ነው። ስንመልሳቸው የለም። ነዳጁ የተያዘው ለድንገተኛ ነው፣ የወለደች ሴት ድንገተኛ አይደለችም ይሉናል። ስለዚህ አራሷ ልጇን በነጠላ ጠቅልላ ሦስት ሰዓት በእግሯ ትሄዳለች፣ ወይ ባሏ በቅሎ ይፈልጋል። አንድ ጊዜ በመስተዋት አየኋት፣ ያመጣኋት ሴት ናት፣ በማግስቱ ዳገት ላይ ድንጋይ ተደግፋ ቆማለች። አቆምኩ። ተቀጣሁ።

ለሚቀጥለው ሰው የምትነግረው ያንን ዳገት ነው። መርፌውን አይደለም።

ሌላ፣ ሰዓት ላይ ደውሉ። ቃሬዛው መንገድ ዳር ከደረሰ በኋላ ነው የሚደወልልኝ። ቃሬዛው ሲነሳ ብትደውሉ እኩል እንደርሳለን።

—

ምላጭ፦

አንድ ነገር ልቃወም። እስካሁን የተጻፈውን ሁሉ አምናለሁ፤ ግን «ግንዛቤ»ን እንዲህ አትጣሏት።

የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ውስጥ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያ ነኝ። ስፔሻሊስት በሌለበት ቆርጠን እንድናዋልድ የሠለጠንን ነን፤ ሰዉ «አይኢኤስኦ» ይለናል፣ ገበሬዎቹ ደግሞ «ቀዳጁ» ይሉኛል። ባለፈው ዓመት ስምንት ወሯ ላይ ያለች ሴት እየተንቀጠቀጠች መጣችልኝ። አራት ቀን ራሷን ሲፈልጣት፣ ዓይኗን ሲጋርዳት ነበር። ቤተሰቡ ምን አደረገ? ምች ነው ብሎ ዳማከሴ አሸ። ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ራስ ምታት ለዘመናት ምች ነው። ነፍሰ ጡር ላይ ግን የደም ግፊት ሊሆን ይችላል፣ ይገድላል። «ከአምስት ወር በኋላ ራሷን አጥብቆ ካመማት፣ ፊቷ ካበጠ፣ ዓይኗ ከጋረዳት፣ ምች አትበሉ፤ ዕለቱን አምጧት» የሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ማስተማር ግንዛቤ ነው፤ እኔ እንዲያውም ሌላውን ትምህርት ሁሉ ትታችሁ ይህንን ንገሩ እላለሁ።

ሁለተኛ፣ ማቆያ ቤት ለሁሉም አይደለም። ጉራጌ ውስጥ አጣጥ ሆስፒታል ይህን ነገር ከጀመረ ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ ሆነው፤ ሐሳቡ ከመነሻውም ለሩቋና አደጋ ላለባት ነበር። በፊት በቀዶ የወለደች፣ መንታ የያዘች፣ በፊት ብዙ ደም የፈሰሳት፣ አምስት ስድስት የወለደች፣ ወንዝ ማዶ ያለች። ስድስት አልጋ ይዘሽ ሁሉን ከጠራሽ የምትመጣው ቅርቧ ናት። እነዚህን ስም በስም ያዣቸው።

ሦስተኛው የቁጭት ነው። በ1992 ዓ.ም. ጥናት ከ100,000 ወሊድ 871 እናቶች ይሞቱ ነበር። በ2003 676፣ በ2008 412። ትልቅ ለውጥ ነው፣ አልክድም። አሁን የምናያቸው ግን ጤና ተቋም ደርሰው የሚሞቱ ናቸው። ኦክሲቶሲኑ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ ሲገባው መብራት በጠፋበት ፍሪጅ ውስጥ ሳምንት የቆየ። ከግፊት የሚመጣውን መንቀጥቀጥ የሚያስቆመው ማግኒዚየም ሰልፌት መደርደሪያ ላይ እያለ «እኔ ሰጥቼ ቢመጣብኝስ» ተብሎ ሳይሰጣት የመጣች። ሪፈር ወረቀት ብቻ ተሰጥቷት፣ ሳይደወልልኝ፣ ደም የሚሰጥ ዘመድ ሳይከተላት ሌሊት ስምንት ሰዓት የደረሰች። እባካችሁ ደውሉ። ስትደውሉልኝ ደም አዘጋጃለሁ፣ ሰመመን ሰጪውን ከእንቅልፉ እቀሰቅሳለሁ። ሳትደውሉ ከላካችሁ እሱ ካልሲውን እስኪያደርግ የሚፈሰው የእሷ ደም ነው።

—

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

እናቴ የተጉለት ሰው ናት፤ እዚህ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ነኝ። ጓደኞቼን አስተባብሬ አልትራሳውንድ ልላክላችሁ? ያገለገለ ግን ደህና አለ።

—

ባና ለባሿ፦

ሁላችሁንም አነበብኩ። አንዳንዱን ሁለቴ። እትዬ እማማ ሦስት፣ የርስዎን ካነበብኩ በኋላ ማዋለጃ ክፍሉ በር ላይ ሄጄ ቆምኩ። የእኛም መጋረጃ የለውም። አራት ዓመት ስገባ ስወጣ አላየሁትም።

ለሲልቨር ስፕሪንጓ እህቴ፦ እግዜር ይስጥልኝ። አልትራሳውንዱን ትንሽ ቆይ። የሚያነበው ሰው የለንም፣ ሲበላሽም የሚጠግነው የለም፤ አንዱ ከእኛው ክትባት ካርቶን ጎን ተሸፍኖ ተቀምጧል። ስምንት ባና፣ ሁለት ትልቅ ብረት ድስትና አንድ የውሃ በርሜል ግን ዛሬውኑ እፈልጋለሁ። ባናውን እዚህ ገበያ እገዛዋለሁ፤ ከመንዝ ባና ከየትም አይመጣም።

—

ባና ለባሿ (ጥር ላይ ተመልሳ)፦

የሆነውን ልንገራችሁ ብዬ ነው የመጣሁት፤ ሦስት ወር ሆነኝ።

ካርቶኑ ወጣ። ኃላፊዬ ጋ ለዚህ ብቻ ሁለት ሳምንት ተጨቃጨቅን። ባናው መጣ፤ ድስቱና በርሜሉም። ኮርኒስ ለመሥራት ገንዘብ የለም፤ የቀበሌው ሰዎች ግን ጣሪያውን ከውስጥ በማዳበሪያ ከረጢት ሰፉልኝ። አያምርም፣ ነፋሱን ግን ያዘው። እንጨት በየተራ ያመጣሉ፤ የገብስ ዱቄትም እንዲሁ። ዱቄቱ አንድ ወር አልቆብኝ በደመወዜ ሞልቻለሁ። ሁሌም እንዲህ ይቀጥላል ብዬ አልዋሽም።

መጋረጃ ሰቀልኩ፤ የእናቴ የአልጋ ልብስ ነው፣ አበባ አበባ ያለበት። አንድ ሰው አብሯት እንዲገባ ፈቀድን። የመጀመሪያዋ ቀን አማቲቱ ገብታ «እንዲህ አይደለም የሚያዘው» እያለች አስተማረችኝ። ግማሹ ትክክል ነበር። ተንበርክካ መውለድ የፈለገች ሴትም አዋለድኩ፤ ትምህርት ቤት ያልተማርኩት ነው፣ ወለሉ ላይ ፍራሽ አነጠፍኩ፣ እኔም ተንበረከክሁ፣ ጉልበቴ እስካሁን ያመኛል።

ሰውዬው (ምላጭ) እንዳለው ስም በስም ጻፍኩ። አሥራ አንድ ሆኑ። ከአሥራ አንዱ ሰባቱ መጡ። ሁለቱ ቤታቸው ወለዱ፣ ደህና ናቸው። አንዷ ቀኗ ገና ነው። አንዷን መንታ ይዛለች ብዬ ወደ እሱ ላክኋት፤ ደውዬ ነው የላክሁት፣ ስልኩን በመጀመሪያው ጥሪ አነሳ። በቀዶ ሁለት ሴት ወለደች።

ጋሼ ሾፌሩ፣ የመመለሻው ነገር አልተፈታም። ለወረዳው ደብዳቤ ጽፈናል። ለጊዜው ቅዳሜ ቅዳሜ ከገበያ የሚመለስ አይሱዙ አራሶቹን ጋቢና አሳፍሮ ይሸኝልናል። ስለዚህ ሰኞ የወለደች እስከ ቅዳሜ ትቆያለች። ያልጠበቅሁት ጥቅሙ፣ በሦስተኛው ቀን ትኩሳት የጀመራትን አንዷን እዚሁ አገኘናት።

ያቺ የነሐሴዋ ሴት ደግሞ ባለፈው ሳምንት መጣች። ለራሷ አይደለም፤ የባሏን እህት ይዛ ነው። ባናውን በእጇ ዳሰሰችና «አሁን ይሁን» ብላ ሄደች።

አንድ ችግር ቀርቶኛል። ቁንጫ። ከባናው ጋር የመጣ መሰለኝ። ነፍሰ ጡር ያለበት ቤት መድኃኒት መርጨት ፈራሁ። የሚያውቅ አለ?

—

የኬላዋ፦

ምንም አትርጪ። ባናውን አውጥተሽ ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ አስጪው፣ ገልብጠሽ ምቺው። አንሶላውን በፈላ ውሃ እጠቢው። ወለሉን ጥረጊና የግራዋ ቅጠል አልጋው ሥር ጎዝጉዢ። በሦስት ቀን ካልተወሽ ጻፊልኝ።